ከሁለት ያጣው አገዛዝ፦ እንግሊዝ በፍልስጤም፣ ከ1917 እስከ 1948

ጄኔራል አላን ካኒንግሃም ለእኛ እንግዳ ሰው አይደለም። በ1941 ከኬንያ ተነስቶ፣ ሶማሊያን አቋርጦ፣ አዲስ አበባን ከጣሊያን ያስለቀቀው ጦር አዛዥ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ሜይ 14 ቀን 1948፣ ይኸው ሰው የፍልስጤም የመጨረሻው ከፍተኛ ኮሚሽነር ሆኖ ከኢየሩሳሌም ወጣ። ሃይፋ ደረሰና የጦር መርከብ ላይ ተሳፈረ። እኩለ ሌሊት ሲሆን መርከቧ ከፍልስጤም የባሕር ክልል ወጣች። የ30 ዓመት የእንግሊዝ አገዛዝ በዚሁ አበቃ።

የካኒንግሃም ጦር አዲስ አበባ ሲገባ አገሩን የሚረከብ ንጉሥ ነበረ። ከሃይፋ ሲወጣ ግን የሚረከበው አልተገኘም። ፖሊሱ ለማን ይሁን፣ ፖስታ ቤቱን ማን ይያዝ፣ ካዝናውን ማን ይቁጠር፣ የተወሰነ ነገር የለም። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዴቪድ ቤን ጉሪዮን ቴል አቪቭ ላይ የእስራኤልን መንግሥት አወጀ። በማግስቱ የዐረብ አገሮች ጦር ድንበር አቋርጦ ገባ።

የዓለምን ሩብ ያህል ትገዛ የነበረች አገር እንዴት አንዲት ጠባብ አገር ማስተዳደር አቃታት? ብዙ ሰው መልሱን ከ1946ና ከ1947 ቦምቦች ላይ ይጀምራል። ለእኔ ቦምቦቹ መጨረሻው ናቸው። ጉዳዩ የተበላሸው ከዚያ በፊት፣ በደብዳቤና በቢሮ ወረቀት ነው።

ስም ያልተሰጣቸው ዘጠኙ

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ ለሁሉም ቃል ትሰጥ ነበር። በ1915 እና 1916 ካይሮ የነበረው ወኪሏ ማክማሆን ከመካው ሸሪፍ ሑሴን ጋር ተጻጻፈ፤ ዐረቦች በቱርክ ላይ ቢነሱ ነፃነታቸውን እንደምትደግፍ ነገረቻቸው። ፍልስጤም በዚያ ቃል ውስጥ ነበረች ወይስ አልነበረችም የሚለው ጭቅጭቅ እስከ መጨረሻው አልተፈታም። በ1916 ደግሞ ከፈረንሳይ ጋር አካባቢውን በምስጢር ተከፋፈለች። ኖቬምበር 2 ቀን 1917 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ባልፎር ከእንግሊዝ አይሁዶች መሪዎች አንዱ ለነበረው ለሎርድ ሮትሽልድ ደብዳቤ ጻፈ። የእንግሊዝ መንግሥት በፍልስጤም ለአይሁድ ሕዝብ «ብሔራዊ መኖሪያ» መመሥረቱን በበጎ እንደሚያይ የሚገልጽ ነው።

መግለጫው በእንግሊዝኛ 67 ቃላት ብቻ ናት። ረጋ ብሎ ላነበባት ብዙ ነገር ይታያል። «መንግሥት» አትልም፤ «መኖሪያ» ነው የምትለው። መኖሪያው አገሩን በሙሉ ይሁን ከፊሉን አትናገርም። እዚያው የሚኖረውን ሕዝብ ደግሞ በስሙ አትጠራውም። «በፍልስጤም የሚገኙ አይሁድ ያልሆኑ ማኅበረሰቦች» ብላ ታልፈዋለች። የእነዚህ ሰዎች የሲቪልና የሃይማኖት መብት እንዳይነካ ትላለች፤ ስለ ፖለቲካ መብታቸው ትንፍሽ አትልም። በወቅቱ ከአገሬው ሰው ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ዐረብ ነበር። አሥር ሰው ያለበት ቤት ገብቶ ዘጠኙን «ያኛው ያልሆናችሁት» ብሎ መጥራት ማለት ነው።

በ1922 የመንግሥታቱ ማኅበር ፍልስጤምን በሞግዚትነት ለእንግሊዝ ሲያጸድቅላት የባልፎርን ቃል ሰነዱ ውስጥ አስገባው። ኢራቅም በሞግዚት አስተዳደር ሥር ነበረች፤ በ1932 ነፃነቷን አገኘች። የሞግዚትነት ትርጉሙም ይኸው ነበር፤ ሕዝቡን ራሱን እስኪችል አዘጋጅቶ ማስረከብ። ፍልስጤም ላይ ግን ሕዝቡ ቶሎ ራሱን ከቻለ ብዙኃኑ ዐረቦች የባልፎርን ቃል ይሽሩታል። ቃሉ እንዲፈጸም ደግሞ ነፃነቱ መዘግየት አለበት። ሁለቱን አንድ ላይ መፈጸም አይቻልም ነበር።

አይሁዱ የጠየቀው የቅንጦት ነገር እንዳልነበረ መናገር አለብኝ። በዩክሬን በ1919 እና በ1920 አሥር ሺዎች ተጨፍጭፈዋል። አሜሪካ በ1924 በሯን አጠበበች። በ1933 ሂትለር ሥልጣን ያዘ። የዐረቡም ጥያቄ እንዲሁ ነው፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ ወደ ነፃነት ሲሄዱ እሱ ለምን ይቅር? ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ለዚህ ነው ነገሩ ልብ የሚሰብረው።

አንድ ሳንቲም፣ ሁለት አገር

በ1927 እንግሊዞች ለፍልስጤም የራሷን ገንዘብ አሳተሙ። የአምስት፣ የአሥርና የሃያ ሚል ሳንቲሞቹ መሐላቸው ቀዳዳ ነው። አንዱን ሳንቲም በእጃችሁ ብትይዙት የአገሩ ስም በሦስት ቋንቋ ተጽፎ ታያላችሁ። በዐረብኛ «ፊለስጢን»። በእንግሊዝኛ እንዲሁ። በዕብራይስጥ «ፓለስቲና»፤ ከዚያ ቀጥሎ በቅንፍ ሁለት ፊደል፣ አሌፍና ዮድ።

ሁለቱ ፊደሎች «ኤሬጽ ይስራኤል»፣ ማለትም «የእስራኤል ምድር» የሚለው አህጽሮት ናቸው። አይሁዱ ሙሉ ስሙ እንዲጻፍ ፈለገ። ዐረቡ ጨርሶ እንዳይጻፍ ፈለገ። እንግሊዝ ሁለት ፊደል በቅንፍ ሰጠች። ነገሩ ከሳንቲሙ በፊት በቴምብር ላይ ነው የጀመረው፤ በ1925 የዐረብ ወገን ፍርድ ቤት ድረስ ወስዶት ተረትቷል። እንደ ሹማምንቱ አሳብ ማንም ከፍቶት እንዳይሄድ ያደረጉ ይመስላቸው ነበር። አይሁዱ ስሜ ለምን በቅንፍ ታጠረ አለ። ዐረቡ አገሬ በገዛ ሳንቲሜ ላይ የሌላ ሰው ስም ተለጠፈበት አለ። ዳቦ ለመግዛት ሳንቲም ከኪሱ ባወጣ ቁጥር እያንዳንዱ ቅሬታውን ይቆጥራል።

አስተዳደሩም እንደ ሳንቲሙ ነበር። በሞግዚትነቱ ሰነድ መሠረት የአይሁድ ኤጀንሲ መንግሥትን የሚያማክር ሕጋዊ አካል ነበር። አይሁዶቹ የራሳቸው ትምህርት ቤት፣ የራሳቸው ሠራተኛ ማኅበር ሂስታድሩት፣ ከ1925 ጀምሮ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ፣ በድብቅም የራሳቸው ጦር ሐጋና ነበራቸው። ዐረቦቹ ተመጣጣኝ ሕጋዊ አካል አልነበራቸውም። ከ1921 ጀምሮ የኢየሩሳሌም ሙፍቲ (የሙስሊሞች የሃይማኖት ሹም) የሆነው ሐጅ አሚን አል-ሑሰይኒ የሚመራው የሙስሊም ምክር ቤት የሃይማኖት ጉዳይን እንጂ መንግሥትን አይመለከትም። ሙፍቲውን የሾመው የመጀመሪያው ከፍተኛ ኮሚሽነር ኸርበርት ሳሙኤል ነው። ሳሙኤል ራሱ አይሁዳዊ ነበር፤ ሁለቱንም ወገን ለማቻቻል ከልቡ እንደጣረ አምናለሁ።

ሳሙኤል ሕግ አውጪ ምክር ቤት ለማቋቋም ሞክሯል። ኮሚሽነሩን ሳይጨምር 22 አባላት፤ 10 ሹማምንት፣ 12 ተመራጮች። ከተመራጮቹ 8 ሙስሊም፣ 2 ክርስቲያን፣ 2 አይሁድ። በ1923 ዐረቦቹ ምርጫውን አደሙበት። ዕድላቸውን በገዛ እጃቸው ገፉት የሚል ሰው አለ። እኔም ማደሙ እንደጎዳቸው አስባለሁ። ግን ሒሳቡን ሥሩት። አሥሩ ሹማምንት ከኮሚሽነሩ ጋር 11 ድምፅ ናቸው፤ አሥሩ ዐረቦች ተባብረው እንኳ አያሸንፏቸውም። ከሞግዚትነቱ ሰነድ ጋር የሚጋጭ ሕግም ማውጣት አይቻልም። እዚያ መቀመጥ ለእነሱ ባልፎርን መፈረም ነበር።

ሁለቱ ሕዝቦች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የሚከራከሩበት የመንግሥት ቤት ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አልተሠራም።

ሰርተፍኬቷ

እኔ የዚህ ጉዳይ እምብርት የምላት አንዲት ወረቀት ናት፤ የመግቢያ ሰርተፍኬት።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። የአይሁድ ኤጀንሲ በየስድስት ወሩ ይህን ያህል ሠራተኛ ይግባልን ብሎ ቁጥር ያቀርባል። መንግሥት «የአገሪቱ ኢኮኖሚ ምን ያህል ይሸከማል?» ብሎ ያሰላና ይቀንሳል። የተፈቀደውን ሰርተፍኬት ኤጀንሲው አውሮፓ ባሉት ቢሮዎቹ ያድላል። 1,000 ፓውንድ ያለው ሰው ከኮታው ውጭ መግባት ይችላል።

ሹማምንቱ ይህን የኢኮኖሚ ሒሳብ አድርገው ያዩት ነበር። ስንት የግንባታ ሥራ አለ፣ ብርቱካኑ ስንት ለቃሚ ይፈልጋል፣ ያን ያህል ሰው ይግባ። ዋርሶ ለተቀመጠው ወጣት ግን ቁጥሩ ሕይወቱ ነው። ናብሉስ ላለው ገበሬ ደግሞ ልጆቹ ነገ በገዛ አገራቸው አናሳ ይሁኑ አይሁኑ የሚወሰንበት ቁጥር ነው። በ1931 የገቡት 4,000 ገደማ ነበሩ። በ1935 ከ60,000 በላይ ሆኑ። እንዲህ ያለውን ነገር የብርቱካን ምርት አይፈታውም።

የመሬቱም ነገር አለ። በሰሜን ፍልስጤም፣ በመርጅ ኢብን ዓሚር ሸለቆ፣ ቤይሩት የሚኖሩ ባለመሬቶች በ1920ዎቹ ሰፊ መሬት ለአይሁድ ድርጅት ሸጡ። ሽያጩ ሕጋዊ ነው። ያርሰው የነበረው ጭሰኛ ግን ለትውልድ የኖረበትን ለቀቀ። ጭሰኝነትን ከአያቶቹ ለሰማ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

ኦገስት 1929 በኢየሩሳሌም የምዕራቡ ግንብ ላይ የተነሳው ጠብ አገሩን አዳረሰ። 133 አይሁዶችና 116 ዐረቦች ሞቱ፤ ከዐረቦቹ አብዛኞቹ የወደቁት በእንግሊዝ ኃይሎች ጥይት ነው። ኬብሮን ላይ ብቻ 67 አይሁዶች ተገደሉ። ጎረቤቶቻቸውን ደብቀው ያተረፉ የዐረብ ቤተሰቦችም በዚያችው ከተማ ነበሩ።

ቀጥሎ የሆነውን ልብ በሉ። አጣሪ ኮሚሽን መጣ። ኮሚሽኑ የመሬትና የፍልሰቱ ነገር ዐረቡን እንዳስፈራው ጻፈ። ሁለተኛ አጣሪ መጣና መሬት የለም አለ። ኦክቶበር 1930 መንግሥት ፍልሰቱንና የመሬት ሽያጩን የሚያጠብ የፖሊሲ ሰነድ አወጣ። ለንደን ላይ የጽዮናዊው ንቅናቄ መሪ ቻይም ዋይዝማንና ወዳጆቹ ተቆጡ። ፌብሩዋሪ 1931 ጠቅላይ ሚኒስትር ማክዶናልድ ለዋይዝማን ደብዳቤ ጻፈና ሰነዱን በተግባር ሻረው። ዐረቦቹ «ጥቁሩ ደብዳቤ» አሉት።

በአራት ወር ውስጥ ሁለት ትምህርት ተሰጠ። ዐረቡ ደም ከፈሰሰ መንግሥት እንደሚሰማ ተማረ። አይሁዱ ለንደን ላይ ከተጮኸ መንግሥት እንደሚመለስ ተማረ። ሁለቱም ትምህርቱን አልረሱትም።

ሜይ 1936

በ1935 መጨረሻ ከፍተኛ ኮሚሽነሩ ዎኮፕ የምክር ቤቱን ሐሳብ እንደገና አነሳ። በዚህኛው አብዛኞቹ ዐረቦች ለመነጋገር አልጠሉም። አይሁዱ ወገን ግን ተቃወመ፤ በዚያ ሰዓት ምክር ቤት ማለት ከሂትለር የሚሸሸው ሰው በር ተዘጋ ማለት ነበር። በ1936 መጀመሪያ የእንግሊዝ ፓርላማ ሐሳቡን እንዳልሆነ አደረገው። ኤፕሪል ላይ የዐረቡ ዓመፅ ፈነዳ፤ ስድስት ወር የቆየ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማም ተጀመረ።

በዚሁ አድማ መሐል ነው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ማይጨው ላይ ተሸንፈው ሃይፋ ወደብ የደረሱት። ያመጣቸው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ነበር፤ ሜይ 8 ቀን 1936። ኢየሩሳሌም ላይ ንጉሥ ዳዊት ሆቴል አረፉ። አገሩን ያጣ ንጉሥ፣ አገሩን እንዳያጣ ሱቁን የዘጋ ሕዝብ፣ አገር ፍለጋ ከአውሮፓ የሚሸሽ ሕዝብ፤ ሦስቱም በአንድ ወር አንድ ከተማ ውስጥ ነበሩ። ሦስቱም ፊታቸውን ያዞሩት ወደ እንግሊዝ ነው።

እንግሊዝ ዓመፁን በኃይል ሰበረችው። ጁን 1936 የያፋን አሮጌ ከተማ ከ200 በላይ ቤቶች በፈንጂ አፈረሰች፤ ለሕዝቡ የነገረችው ከተማውን ለማሻሻል ነው ብላ ነው። የራሷ ዋና ዳኛ ማክዶኔል ይህ ማታለል መሆኑን በፍርዱ ተናገረ፤ ብዙም ሳይቆይ ከሥራው ተነሳ። የያፋ ወደብ በአድማው ሲዘጋ አይሁዶቹ ቴል አቪቭ ላይ የራሳቸውን የመርከብ ማራገፊያ ሠሩ። አድማው የታሰበው መንግሥትን ለማስጨነቅ ነበር፤ ሁለቱን ኢኮኖሚ ይበልጥ ለያይቶ ቁጭ አለ።

በ1937 በሎርድ ፒል የሚመራው ኮሚሽን ከዚያ በፊት ማንም በይፋ ያልደፈረውን ተናገረ። በአንዲት ትንሽ አገር ውስጥ ሁለት ብሔራዊ ማኅበረሰቦች ሊታረቅ በማይችል ግጭት ላይ ናቸው፤ ሞግዚትነቱ አይሠራም፤ አገሩ ይከፈል። በዕቅዱ ከ200,000 በላይ ዐረቦች እንዲዛወሩ ሐሳብ ነበረበት። የዐረቦቹ መሪዎች እምቢ አሉ። የአይሁዱ መሪዎች ካርታውን ባይወዱትም ሐሳቡን ለድርድር ተቀበሉት። ሴፕቴምበር ላይ የገሊላ አውራጃ ኮሚሽነር አንድሩስ ናዝሬት ውስጥ ተገደለ። ሙፍቲው ሸሸ፤ ሌሎች መሪዎች ወደ ሲሼልስ ተጋዙ። በ1938 ሌላ ኮሚሽን መጣና መክፈሉ አያዋጣም ብሎ ሄደ።

ኦርድ ዊንጌትንም እናውቀዋለን። በ1941 ከንጉሡ ጋር ጎጃም የገባው የጌዴዎን ኃይል አዛዥ ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1938፣ ገሊላ ውስጥ እንግሊዝና አይሁድ ወታደሮችን አቀላቅሎ የሌሊት ተዋጊ ቡድን አሠልጥኖ ነበር። ለኢትዮጵያ ባለውለታ ነው። ለገሊላ ዐረብ መንደሮች ግን ስሙ ሌላ ትዝታ አለው። ሁለቱንም መያዝ አለብን።

ዓመፁ በ1939 ሲያበቃ ሺዎች ሞተው፣ ዐረቡ መሣሪያውን ተገፍፎ፣ መሪዎቹ ተበትነው ነበር። በእንግሊዝ ፈቃድ መሣሪያ የያዘና የሠለጠነ የአይሁድ ወጣት ደግሞ በሺዎች ተቆጠረ። የ1948 ጦርነት ውጤት ግማሹ እዚህ እንደተወሰነ አምናለሁ።

ከሁለት ያጣ

ጦርነት እየቀረበ ነበር። እንግሊዝ ነዳጁና የስዊዝ መንገዱ እንዳይያዝባት የዐረብ አገሮችን ማስቀየም አልፈለገችም። ሜይ 1939 አዲስ የፖሊሲ ሰነድ አወጣች፦ በአምስት ዓመት 75,000 አይሁድ ብቻ ይግባ፤ ከዚያ በኋላ ያለ ዐረቦች ፈቃድ ማንም አይገባም፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ፍልስጤም ነፃ ትሁን። ዐረቡ ለሦስት ዓመት የታገለለትን አብዛኛውን አገኘ። ቢሆንም ሙፍቲውና የዐረቡ መሪዎች ስብስብ የሆነው የዐረብ ከፍተኛ ኮሚቴ አልተቀበሉትም፤ አሥር ዓመት የምትለዋን ቃል አላመኗትም። እስከዚያ ካዩት አንፃር አለማመናቸው አይገርመኝም። ግን ትልቅ ስሕተት ነበር።

አይሁዱ ክህደት አለው። ሰዓቱን አስቡት። ፖላንድ ልትወረር አራት ወር ሳይሞላ ቀርቷታል።

ስትሩማ የምትባል አሮጌ መርከብ በዲሴምበር 1941 ከሩማንያ ወደ 800 የሚጠጉ አይሁዶችን ጭና ኢስታንቡል ደረሰች። ሞተሯ ተበላሽቷል። ሰዎቹ ሰርተፍኬት የላቸውም። እንግሊዝ አናስገባም አለች፤ ቱርክ አናወርድም አለች። ከሁለት ወር በላይ ከተማው እየታያቸው መርከቧ ላይ ተቀመጡ። ፌብሩዋሪ 1942 ቱርክ ጎትታ ጥቁር ባሕር ላይ ተወቻት። በማግስቱ በሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ ሰመጠች። አንድ ሰው ተረፈ። የሰርተፍኬቷን ነገር የምደጋግመው ለዚህ ነው።

ከ1945 በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። ከናዚ ካምፕ የተረፈው ሰው በር አጥቶ ይንከራተታል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን 100,000 ይግቡ ይላል፤ የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቤቪን እምቢ ይላል። እንግሊዝ በጦርነቱ ከስራ በአሜሪካ ብድር የምትኖር አገር ሆናለች። ፍልስጤም ውስጥ ወደ 100,000 ወታደር አላት፤ ለሃያ ነዋሪ አንድ ወታደር ገደማ። ጁላይ 22 ቀን 1946 ኢርጉን የተባለው የአይሁድ ታጣቂ ቡድን የንጉሥ ዳዊት ሆቴልን አንድ ክንፍ አፈረሰ። የመንግሥቱ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነበር። 91 ሰው ሞተ፤ እንግሊዝ፣ ዐረብ፣ አይሁድ። ከአሥር ዓመት በፊት ንጉሣችን ያረፉበት ሆቴል ነው።

ከዚያ በኋላ ገዢዎቹ በሽቦ አጥር ውስጥ ገቡ። ኢየሩሳሌም መሐል ያጠሩትን ግቢ ሰዉ በቤቪን ስም «ቤቪንግራድ» ብሎ ጠራው። የእንግሊዝ ሴቶችና ሕፃናት በ1947 መጀመሪያ ተሸኙ። የአይሁድ ታጣቂዎችን ወደ አፍሪካ ያግዙ ነበር፤ አስመራም አንዷ መጋዣ ነበረች። ይስሐቅ ሻሚር በጃንዋሪ 1947 ከዚያ አምልጦ ጅቡቲ ገባ። በኋላ የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው እሱ ነው፤ በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ ሲጓጓዙም በዚያ ሥልጣን ላይ ነበር።

ፌብሩዋሪ 1947 ቤቪን ጉዳዩን ለተባበሩት መንግሥታት እንደሚያስተላልፍ አስታወቀ። በዚያው ሳምንት እንግሊዝ ከሕንድ እንደምትወጣ ተናገረች። ኖቬምበር 29 ጠቅላላ ጉባኤው አገሩ እንዲከፈል በ33 ለ13 ወሰነ። አሥር አገሮች ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ኢትዮጵያ አንዷ ናት። እንግሊዝ ራሷም አንዷ ናት።

ለ30 ዓመት የገዛችው አገር ዕጣ ሲወሰን አይሆንም፣ ይሁንም አላለችም። ሁለቱም ወገን ያልተስማማበትን ውሳኔ አላስፈጽምም አለች። ርክክቡን እንዲያዘጋጅ የተሾመውን የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ሞግዚትነቱ ሊያበቃ ሁለት ሳምንት እስኪቀረው አላስገባም አለች። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ይቅር ልላት የሚከብደኝ ይሄ ነው። ባልፎር በጦርነት ጭንቀት ጻፈ ይባል፤ ሹማምንቱ ሁለቱንም ለማስደሰት ደከሙ ይባል። በ1948 የመጀመሪያ ወራት ግን አገሩ ሲፈርስ እያየች ዕቃዋን ትሸክፍ ነበር። ኤፕሪል 9 ዴር ያሲን ላይ ከመቶ በላይ ዐረቦች ተገደሉ። ኤፕሪል 13 ወደ ሐዳሳ ሆስፒታል ይሄድ የነበረ ኮንቮይ ላይ 78 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ አይሁድ፣ ሐኪሞችና ነርሶች ያሉባቸው። ሃይፋ ላይ ወታደሮቿ ወደ ወደቡ ሰበሰብ ሲሉ ከተማው በቀናት ውስጥ ከዐረብ ነዋሪው ባዶ ሆነ ማለት ይቻላል። ጦርነቱ ሲያበቃ ቤታቸውን ያጡት ፍልስጤማውያን ከ700,000 በላይ ነበሩ።

የመጨረሻዎቹ የእንግሊዝ ወታደሮች ከሃይፋ የወጡት ጁን 30 ቀን 1948 ነው። ገንዘቡ ግን ቀረ። ጋዛ ውስጥ፣ የስደተኞቹ ድንኳኖች መሐል፣ ያ ቀዳዳ ሳንቲም እስከ 1951 ዳቦ ይገዛ ነበር፤ ሦስቱ ስሞቹም፣ በቅንፍ ያሉት ሁለቱ ፊደሎችም እንዳሉ።